የታተመው ምስል መጋረጃ ላይ ለምን ይደበዝዛል?

ጥያቄው የመጣው እዚሁ ጅማ ከሚያስተምሩ መምህርት ነው። አሳጥሬ ላቅርበው።

«ቅዳሜ ቅዳሜ ለሁለተኛ ክፍል ልጆች ተረት አነብላቸዋለሁ። በጥላ ቲያትር ላሳያቸው አስቤ ከኢንተርኔት ጥቁር ምስሎች አወረድኩ። ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትሜ ካርቶን ላይ ለጠፍኩና ቆረጥኳቸው። መጋረጃው ላይ ግን ጥላው ደብዛዛ ሆነብኝ። ጅቡን ልጆቹ ‹ውሻ› አሉት። የሰዎቹ እጅ ገና በመጀመሪያው ቀን ተቀደደ። በሳምንቱ ሳወጣቸው ደግሞ ሁሉም ተቆልምመዋል። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ‹ቀለሙን አጥቁረን ደግመን እናትምልሽ› ይለኛል። ላሳትም? ወይስ የተሻለ ወረቀት ልፈልግ?»

መምህርት፣ ደግመው አያሳትሙ። ገንዘብዎን ለአቡጀዲና ለኮላ ያስቀምጡት። የገጠመዎት ችግር ከአንድ በላይ ነው፤ ቀለሙ ግን አንዱም ውስጥ የለበትም።

ጥላ ማለት ብርሃን ያልደረሰበት ቦታ ነው። ካርቶኑ ብርሃኑን አንዴ ከከለከለው፣ ላዩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ጥቁር ይሁን ነጭ መጋረጃው አያውቅም። ዛሬ ማታ ይሞክሩት። ከጫማ ካርቶን ላይ ምንም ያልታተመበት ክብ ይቁረጡ። ከታተመው ጅብ ጎን ይያዙትና በስልክዎ መብራት ግድግዳ ላይ ያሳዩት። ሁለቱም እኩል ይጠቁራሉ።

ኅትመቱ የሚያገለግለው መቀሱን ነው። የት እንደሚቆረጥ ያሳያል፤ ሥራው እዚያ ላይ ያበቃል። ስለዚህ ፎቶ ኮፒ ቤት ሲሄዱ ዙሪያውን በመስመር ብቻ የተሣለ ምስል ይዘው ይሂዱ። ያወረዱት ጥቁር ብቻ ከሆነ ወረቀት መስኮት ላይ ደርበው በእርሳስ ይከተሉትና መስመሩን ያባዙት። የቶነር፣ ማለትም የፎቶ ኮፒ ማሽን የዱቄት ቀለም፣ አምራቾች «ይህን ያህል ገጽ ያትማል» ሲሉ ከገጹ 5 በመቶ ያህሉ ብቻ በቀለም ይሸፈናል ብለው ነው የሚያሰሉት። ወረቀቱን እስከ እኩሌታው የሚሞላ ጥቁር ጅብ 40 በመቶውን ይሸፍናል እንበል። አንድ ጅብ የስምንት ገጽ ደብዳቤ ቶነር በላ ማለት ነው። ፕሪንተሩ በፈሳሽ ቀለም የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ወረቀቱ ይረጥባል፣ ይሸበሸባል፣ ሲለጥፉት አረፋ ይይዛል።

አትሞ፣ ለጥፎ፣ ቆርጦ ማጫወት የቆየ ነገር ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ኤፒናል በምትባል ከተማ የፔለራን ማተሚያ ቤት በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጥላ ቲያትር ምስሎችን በወረቀት እያተመ ለልጆች ይሸጥ ነበር። ልጆቹ ካርቶን ላይ ይለጥፉታል፣ ይቆርጡታል፣ ማታ በመብራት ያጫውቱታል። ልክ እርስዎ እንዳደረጉት። እንዲህ ያለውን ባለ ጥቁር ቅርጽ ምስል ፈረንጆቹ «ሲልዌት» ይሉታል። ስሙ የተወሰደው በ1759 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የፈረንሳይ የገንዘብ ሚኒስትር ከነበረው ከኤቲየን ደ ሲልዌት ነው። ሰውየው በወጪ ቅነሳ ይታወቅ ስለነበር በርካሽ የሚሠራ ነገር በስሙ ይጠራ ጀመር። ሙያው ከስሙ ጀምሮ የቁጠባ ሙያ ነው። ለዚህም ነው አንድ መምህር ለቀለም ሲከስር ሳይ የሚቆጨኝ።

አሁን ወደ ደብዛዛው ጥላ። «ደብዛዛ» ያሉት ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ወይ ጥላው አልጠቁር ብሎ ግራጫ ሆኗል፤ ወይ ጠርዙ ተበትኗል። መድኃኒታቸው ይለያያል።

ግራጫ ከሆነ ነገሩ ከመስኮቱ ነው። የእርስዎ መብራት ከመጋረጃው ጀርባ ነው። ልጆቹ ከተቀመጡበት በኩል የሚገባው የቀን ብርሃን ግን ከፊት መጥቶ ጥላው ላይ ያርፋል። ካርቶኑ ከኋላ የሚመጣውን እንጂ ከፊት የሚመጣውን አይከለክልም። ማረጋገጫው ቀላል ነው። መብራቱን ያጥፉና ልጆቹ ቦታ ተቀምጠው መጋረጃውን ይዩት። አሁንም ነጣ ብሎ ከታየዎት፣ ጥላዎ ከዚያ በላይ አይጠቁርም። ጥቁሩን የፈለገ ያህል ቢያትሙት አይለወጥም። መስኮቱን በብርድ ልብስ ይሸፍኑ። የበሩን ስር በጨርቅ ይድፈኑ። ከዚህ ሁሉ የሚቀለው ደግሞ ሰዓቱን ማሸጋገር ነው። ጀንበር ካዘቀዘቀች በኋላ ያለችው ግማሽ ሰዓት ከሁሉም ትሻላለች።

ጠርዙ ከተበተነ ጉዳዩ የመብራቱ ስፋት ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ስሌት ልጠቀም፤ ከባድ አይደለም። የመብራቱን ስፋት ይውሰዱ። ምስሉ ከመጋረጃው በራቀበት ርቀት ያባዙት። ምስሉ ከመብራቱ በራቀበት ርቀት ያካፍሉት። የሚያገኙት ቁጥር የጠርዙ ብትን ስፋት ነው።

የክፍሉን ወተት መሰል አምፖል እንውሰድ። ስፋቱ 6 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ምስሉን ከመጋረጃው 20 ሳንቲ ሜትር፣ ከአምፖሉ ደግሞ 1 ሜትር ላይ ያዙት። 6 በ20 ሲባዛ 120፤ ለ100 ሲካፈል 1.2 ሳንቲ ሜትር። የጣት ስፋት ያህል ጠርዝ ቀለጠ ማለት ነው። የጅቡ ጆሮ ራሱ ከዚያ ብዙም አይበልጥም። በዚያው ቦታ የስልክ መብራት ያድርጉ። የስልክ መብራት 3 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ብትኑ 0.6 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ጠርዙ በምላጭ እንደተቆረጠ ይታያል።

ስለዚህ ለእርስዎ መጋረጃ የሚሆነው ምርጡ መብራት ኪስዎ ውስጥ ነው። በዚያ ላይ በዝግጅቱ መሃል መብራት ቢጠፋ እንኳ ተረቱ አይቋረጥም፤ እንዲያውም ክፍሉ ይጨልምልዎታል። ስልኩን ከመጋረጃው 1 ሜትር ከ20 ያርቁት። ምስሎቹን ጨርቁ ላይ ልጥፍ ሊሉ እስኪደርሱ ያስጠጓቸው። አንድ ሌላ ትርፍም አለው። ትንሽ መብራት ካለዎት ምስሉን ወደ መብራቱ ሲያስጠጉት ጥላው ሳይበተን ይገዝፋል። መሃል ላይ፣ ማለትም 60 ሳንቲ ሜትር ላይ ሲደርስ፣ ጥላው በትክክል እጥፍ ይሆናል። 25 ሳንቲ ሜትር የነበረው ጅብ ግማሽ ሜትር ሆኖ ይመጣል። ልጆቹ የሚጮኹት ያኔ ነው።

ስልኩ የት ይሰቀል? መጋረጃው መሃል ልክ ከጀርባ ከተቀመጠ ልጆቹ በጨርቁ ውስጥ የምታበራ ነጥብ ታያቸዋለች፤ ዓይናቸውን ትወጋቸዋለች። ከራስዎ በላይ ከፍ አድርገው ወደ ታች ያዘንብሉት። ኢንዶኔዢያ ውስጥ ያለችው የጃቫ ደሴት የጥላ ቲያትር አጫዋቾችም መብራቱን ከራሳቸው በላይ ነው የሚሰቅሉት። የራስዎ ጥላም መጋረጃው ላይ አይወድቅም።

ኩራዝና ሻማ ግን ይቅርብዎ። በጥንት ጊዜ በዘይት መብራት ይሠራ እንደነበረ አውቃለሁ፤ ነበልባሉ ሲርገበገብ ምስሉ የሚተነፍስ ያስመስለዋል፤ በጣም ያምራል። ነገር ግን ጨርቅ፣ ወረቀትና ሠላሳ ልጅ ባለበት ጠባብ ክፍል እሳት አይገባም። በዚህ አልደራደርም።

ለመጋረጃ አቡጀዲ ይበቃል። ነጠላ አይሆንም፤ ስስ ስለሆነ የእርስዎን እጅና ፊት ያሳያል። አቡጀዲውን በደንብ ተኩሰው ወጥረው ያስሩት። ጅማ ደግሞ የአናጺ ችግር የለበትም። ስፋቱ 1 ሜትር ከ20፣ ቁመቱ 80 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፍሬም ቢያሠሩ ለዓመታት ያገለግልዎታል።

ከሁሉም በላይ ልነግርዎ የፈለግኩት ስለ ጅቡ ነው። ልጆቹ አልተሳሳቱም። የሳሉት ወይም ያወረዱት ጅብ በጥላው ውሻ ነበር።

ሥዕል ላይ ጅብን ጅብ የሚያደርጉት ብዙ ነገሮች አሉ። ነጠብጣቡ፣ የፊቱ ጥቁረት፣ ዓይኑ። ጥላ ላይ እነዚህ ሁሉ ይጠፋሉ። የሚቀረው ዙሪያው ብቻ ነው። ጅብን በዙሪያው ብቻ የሚያስታውቀው ምንድን ነው? የጀርባው ቁልቁለት ነው። የፊት እግሩ ከኋላ እግሩ ይረዝማል። ስለዚህ ትከሻው ከፍ ብሎ ወገቡ ወደ ታች ይንሸራተታል። አንገቱ ወፍራም ነው፤ ራሱን ዝቅ አድርጎ ነው የሚሄደው። የኛ ሰፈር ጅብ ጆሮው ሾጣጣ አይደለም፣ ክብ ነው። ጅራቱ አጭር ነው።

አሁን የታተመውን ያውጡና ይመልከቱት። ጀርባው አግድም ከሆነ እርሳስ አንሱና ከትከሻው እስከ ጅራቱ ሥር ቁልቁል መስመር ያስምሩ። ከወገቡ በኩል ሁለት ጣት ያህል ይቁረጡለት። የኋላ እግሩን ያሳጥሩ። የጆሮውን ጫፍ ያክብቡት። ሌላ ምንም አይንኩ። መልሰው መጋረጃው ላይ ሲያደርጉት ልጆቹ ከመናገርዎ በፊት «አያ ጅቦ!» ይሏችኋል። ይህን በዓይኔ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ሁሌም እንደ አዲስ ደስ ይለኛል።

ይህ የእርስዎ ፎቶ ኮፒ ቤት ሊያጠቁረው የማይችለው ነገር ነው። የጥላ ምስል የሚነበበው በጠርዙ ነው። ጠርዙ ላይ ያልተጻፈ ነገር እንደሌለ ይቆጠራል።

በጀበና ያስቡት። ጀበናዋን እጀታዋ ወደ እርስዎ ዞሮ ቢያስቀምጧትና ጥላዋን ቢያዩ ጠርሙስ ናት። ሩብ ዙር ያዙሯት፤ እጀታዋ ወጣ፣ የአንገቷና የሆዷ ቅርጽ ታየ፤ ጀበና ሆነች። ዕቃው ያው ነው። የዞረበት አቅጣጫ ብቻ ነው የተለወጠው። ከኢንተርኔት የሚወርዱት ምስሎች አብዛኞቹ ፊታቸውን ወደ እኛ ያዞሩ ናቸው። እንደነሱ ያለ ሰው በጥላ ድንች ነው። ራሱ ክብ፣ አፍንጫ የለውም፣ እጆቹ ሆዱ ላይ ጠፍተዋል።

ፊትን ሁልጊዜ በጎን ያድርጉት። አፍንጫ፣ ከንፈር፣ አገጭ ከጠርዙ ላይ መውጣት አለባቸው። ትከሻን ግን ወደ ፊት ለፊት ቢያዞሩት ይሻላል፤ ሁለቱም እጆች እንዲታዩ። ጃቫዎች ይህን ከዘመናት በፊት ፈትተውታል። ዋያንግ ኩሊት በሚባለው የጥላ ቲያትራቸው ላይ የገጸ ባሕርያቱ ፊት በጎን ሆኖ ሁለቱ ትከሻዎች አብረው ይታያሉ። እውነተኛ ሰው እንዲህ ሆኖ አይቆምም። መጋረጃ ላይ ግን ማንም አይጠይቅም፤ ምክንያቱም ሁሉም ነገር ይነበባል። ዋያንግ በ2003፣ የቱርኮቹ የጥላ ቲያትር ካራጎዝ በ2009፣ የቻይናው የጥላ ቲያትር በ2011 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች ተርታ ገብተዋል። ሦስቱንም ጎን ለጎን ቢያዩ ፊቱ በጎን ነው።

የጅማን ነገር ለማስገባት ካሰቡም በዚሁ ዓይን ይምረጡ። የጅማ ባለ ሦስት እግር ዱካ በጎኑ ሲታይ አንዱ እግር ከሌላው ጀርባ ይደበቃል። ሦስቱንም አለያይተው ይሳሏቸው፤ ያለዚያ ተራ ወንበር ይሆናል። የቡና ቅርንጫፍ ጥሩ ነው፤ ቅጠሎቹ ፊት ለፊት ጥንድ ጥንድ ሆነው ይወጣሉ፣ ፍሬው ቅጠሉ በወጣበት አንጓ ላይ ተሰብስቦ ይይዛል። ጅሬን ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ደግሞ ለጥላ የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። የእንጨት ሰገነቱን ዘንጎች አንድ በአንድ ከመቁረጥ ይልቅ በዘንጎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ይቁረጡ። ብርሃኑ በዚያ ሲያልፍ ቤቱ ይቆማል። የዳግማዊ አባ ጅፋርን ታሪክ፣ ከ1878 እስከ 1932 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የገዙትን፣ ለልጆቹ ለመተረክም መነሻ ይሆንዎታል።

ውስጡን ለመብሳት ሲያስቡ ይሰስቱ። ከ5 ሚሊ ሜትር ያነሰ ቀዳዳ ከኋላ ወንበር አይታይም። በሁለት ቀዳዳ መካከል የሚቀረው ድልድይም ከ4 ሚሊ ሜትር ካነሰ በልጅ እጅ አይቆይም። አንድ ዓይን፣ አንድ የነጠላ ጥለት፣ በቃ።

ስለ መቆልመሙ። ይሄ ጅማ ነው፤ ክረምት ከበጋ እርጥበት አያጣንም። ዋናው ጥፋት ግን ከአየሩ በፊት ከኮላው ይጀምራል። ነጭ ኮላ ውሃ አለው። ወረቀቱ ውሃውን ሲጠጣ ይለጠጣል። ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ሲሰበሰብ ካርቶኑን ወደ ራሱ ይጎትተዋል። አንድ ጎን ብቻ ስለተለጠፈ የሚጎትተው አንድ ጎን ብቻ ነው። መድኃኒቱ ጀርባውም ላይ ያንኑ ዓይነት ወረቀት በዚያው ኮላ መለጠፍ ነው። ሁለቱ እኩል ሲጓተቱ ካርቶኑ ቀጥ ይላል። ኮላውን በስሱ ይቀቡ። ሳይቆርጡት በፊት በሁለት ፕላስቲክ መካከል አድርገው ከባድ መጽሐፍ ይጫኑበትና ያሳድሩት። የሚቆረጠው በማግስቱ ነው።

እኔ ይህን የተማርኩት ተጎድቼ ነው። አንድ ክረምት ለአንድ ትምህርት ቤት 14 ምስሎችን በአንድ ሌሊት ለጥፌ፣ እርጥቡን ቆርጬ፣ ጠዋት ይዤ ሄድኩ። እኩለ ቀን ላይ የንጉሡ ጀርባ ተጎብጦ ከጨርቁ ጋር አልገጥም አለ። ግማሽ ጥላው ጥቁር፣ ግማሹ ብትን ሆነ። ልጆቹ ዝም ብለው አዩት። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ይሰማኛል።

ካርቶኑ ውስጡ ሞገድ የሌለው ይሁን። ሞገድ ያለው የዕቃ ካርቶን በቦዩ በኩል በቀላሉ ይታጠፋል። የጫማ ካርቶን ብዙ ጊዜ ደህና ነው። ፓሪስ ውስጥ ሻ ኑዋር በሚባለው የምሽት መዝናኛ ቤት ሠዓሊው አንሪ ሪቪዬር በ1880ዎቹና በ90ዎቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለትልልቆቹ ትዕይንቶቹ ምስሎቹን ከዚንክ ቆርቆሮ ያስቆርጥ ነበር። ቆርቆሮ አይቆለመምም፤ ለልጅ እጅ ግን ስለት ነው። እኛ በካርቶን እንቆይ።

ስትቆርጡ መቀሱን በአንድ ቦታ አጽንታችሁ ካርቶኑን ማዞር ልመዱ። መቀሱ ከዞረ ጠርዙ ይቆራረጣል። የውስጡን ቀዳዳ በከተር፣ ከሥሩ ወፍራም ካርቶን አድርጎ። ይህን ሥራ ለልጆቹ አይስጡ።

የተቀደደው እጅ። እጁና አካሉ የሚጋጠሙበት ቀዳዳ ከጠርዙ ጋር በጣም ስለተጠጋ ነው። መጋጠሚያው ዙሪያ በየአቅጣጫው ቢያንስ 8 ሚሊ ሜትር ሥጋ ይተዉ። የታተመው ምስል እጁን ከአካሉ ጋር አንድ አድርጎ ከሣለው፣ ሁለት ጊዜ ያባዙት። ከአንዱ እጁን፣ ከሌላው አካሉን ይቁረጡ። የእጁን ትከሻ ክብ ጫፍ አድርገው ያስረዝሙት፤ ከአካሉ ጋር የሚደራረብ ቦታ ያስፈልገዋል። ሁለቱን ደርበው በወስፌ ይብሱ። ሰም የተቀባ ወፍራም ክር አሳልፈው በሁለቱም በኩል ይቋጥሩ። ሁለተኛውን ቋጠሮ ሲያጠብቁ በቋጠሮውና በካርቶኑ መካከል የክብሪት እንጨት ያስገቡ። ካጠበቁ በኋላ እንጨቱን ያውጡት። የቀረችው ትንሽ ልል ቦታ ናት እጁን የምታንቀሳቅሰው። ይህችን ልል ቦታ ካልተዉለት እጁ ይደርቃል፤ ልጁ ሲያስገድደው ይቀደዳል።

በመጋጠሚያ ብዛት አይጓጉ። የተለመደው የቻይና ምስል 11 ክፍል አለው፤ ለማጫወት ግን የዓመታት ልምምድ ይጠይቃል። ለእርስዎ ጅብ አንድ መጋጠሚያ ይበቃዋል፤ የታችኛው መንጋጋው። አፉ ከተከፈተ ይናገራል። ከቻይናዎች የምንወስደው ሌላ ነገር አለ። ራሱ ከአንገቱ ይወጣል፣ ሌላ ራስ ይገባል። አንድ አካል አትመው አራት ራስ ቢሠሩ፣ ሽማግሌው፣ ንጉሡ፣ ገበሬውና ነጋዴው በአንድ ጋቢ ይወጣሉ።

ዱላውን ከቀርከሃ ስንጥር ይሥሩት። ምስሉን በጣትዎ ላይ ሚዛኑን አስጠብቀው ያስቀምጡት። ሚዛን ከያዘበት ነጥብ ከፍ ብሎ ነው ስንጥሩ የሚታሰረው፤ ዝቅ ካለ ምስሉ በራሱ ይገለበጣል። ካራጎዝ ላይ ዱላው ከጀርባ በአግድም ቀዳዳ ውስጥ ይገባል፤ ምስሉን ጨርቁ ላይ መጫን ይቀላል፤ ለማዞር ግን ያስቸግራል። ዋያንግ ላይ ከሥር በቁም ይያዛል። ለሁለተኛ ክፍል ልጅ ከሥር የሚያዘው ይሻላል፤ ዱላውን በጣቶቹ መካከል ቢያሽከረክረው ጅቡ ዞሮ ይሄዳል።

ከዚህ ጋር የተያያዘ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። እርስዎ ከጀርባ ሲያዩት ወደ ቀኝ የሚሄድ ጅብ ለልጆቹ ወደ ግራ ይሄዳል። ለጅብ ችግር የለውም። ለፊደል ግን አለው። ከካርቶን ላይ «ገበያ» ብለው ቆርጠው ቢሰቅሉ ፊደሉን በትክክል የሚያነቡት እርስዎ ብቻ ኖት፤ ለልጆቹ ተገልብጦ ይታያቸዋል። ማንበብ እየተማሩ ነውና ይህ ቀላል አይደለም። ጽሑፍ ያለበትን ብቻ ፎቶ ኮፒ ቤቱ በመስታወት ገልብጦ እንዲያትምልዎ ይንገሩ።

ፎቶ ኮፒ ቤቱን ካነሳን አይቀር። ምስሉን በቴሌግራም ሲልኩላቸው እንደ ፎቶ አይላኩ። ቴሌግራም ፎቶን ይጨምቀዋል፤ ጠርዙ የተበላ ጥርስ ይመስላል። እንደ ፋይል ይላኩት፤ ፒዲኤፍ ከሆነ የተሻለ። «በልኩ፣ ሳታሳንሱት» ይበሏቸው፤ ፕሪንተሩ ከገጹ ጋር ለማስማማት ብሎ ከቀነሰው እጁና አካሉ አይገጥሙም። ከኤ4 ወደ ኤ3 ማሳደግ ከፈለጉ ፎቶ ኮፒው ላይ 141 በመቶ ማለት ነው።

መጀመሪያ ላይ ቀለሙ የለበትም ብያለሁ። ቀለም የሚሠራበት አንድ መንገድ አለ፤ እሱን ሳልነግርዎ ብቀር ይቆጨኛል። የካራጎዝ ምስሎች ጥቁር አይደሉም። ከሳሳ የግመል ቆዳ የተሠሩና በቀለም የተቀቡ ናቸው፤ ብርሃን ያሳልፋሉ። ጥላቸው ቀይና አረንጓዴ ነው። ይህን በተራ ወረቀት ማግኘት ይቻላል። ምስሉን በቀለም ያሳትሙት። በዚህ ጊዜ ካርቶን አይለጥፉበትም። የወጥ ዘይት በጥጥ ነክረው ወረቀቱን ከጀርባው በስሱ ያሻሹት። ወረቀት ነጭ ሆኖ ብርሃን የሚያግደው በቃጫዎቹ መካከል አየር ስላለ ነው። ዘይቱ የአየሩን ቦታ ሲይዝ ወረቀቱ መስታወት ለመሆን ይቃጣዋል። ትርፉን በሶፍት ይጥረጉና አንድ ቀን በአየር ላይ ይተዉት። ከዚያ ዙሪያውን እንደ መስኮት ፍሬም በተቆረጠ የካርቶን ጠርዝ ያቅፉት፤ ዘይት በነካው ቦታ ላይ ኮላ አይዝም፣ ስለዚህ ጠርዙን ዘይት አያስነኩት። አቡጀዲውንም እንዳይነካ ይጠንቀቁ። አንድ ወፍ፣ አንድ ፀሐይ በዚህ መልክ ቢሠሩ፣ በጥቁሮቹ መካከል ሲወጣ ክፍሉ ፀጥ ይላል።

ሁሉንም በአንድ ሳምንት አይሥሩ። መጀመሪያ ጅቡን ብቻ። ጀርባውን ቁልቁል ያድርጉለት፣ መንጋጋውን ይግጠሙለት፣ በስልክ መብራት አቡጀዲው ላይ ያቁሙት። ከልጆቹ በኩል ሆነው ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ። አንገቱን አይቼ ምን እንደሚቀረው እነግርዎታለሁ።